እናቴን ለማሳከም በግል የሚሠራ የታካሚ ተሟጋች ልቅጠር? ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ጉዳዬ ዘርዘር ያለ ስለሆነ ጽሑፌ ይረዝማልና በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርድ ይዛ ከመጣች ሰባት ዓመት አልፏል፤ አምስቱን የነዋሪነት ዓመት ከሞላች በኋላ ወርኃዊ ክፍያውን እኔና ወንድሜ እየተጋገዝን ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ) አስገብተናታል። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ኩላሊቷ እየደከመ ነው። የቤተሰብ ሐኪም፣ የኩላሊት ሐኪምና የልብ ሐኪም ይከታተሏታል፤ ሦስቱም የሚሠሩት በተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማየቱን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። በሦስቱም ዘንድ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ፤ ቀጠሮ ባለባት ቀን ሁሉ ከሁለቱ ሥራዎቼ አንዱን አስፈቅጄ እቀራለሁ።

ባለፈው ወር ሌሊት ለሽንት ስትነሣ ራሷን አዞራትና ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ነገር ግን በእግሯ መቆም ስላቃታት ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አደረች። አልጋ ተሰጥቷት፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሳ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሎላት ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ አንዲት ሠራተኛ ታብሌት ይዛ መጥታ እንድፈርም ጠየቀችኝ፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣሁ ስለነበርኩና ዓይኔ እንቅልፍ ስለሞላው ሳላነብ ፈረምኩ። በማግስቱ ወደ ማገገሚያ ተቋም ትሄዳለች ተብሎ ስንዘጋጅ ሜዲኬር ለዚያ እንደማይከፍል ተነገረን። እናቴ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ሦስቱንም ሌሊት የተጻፈችው ተኝታ እንደምትታከም ሰው ሳይሆን ለክትትል ብቻ እንደቆየች ተመላላሽ ታካሚ ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንዴት ተመላላሽ እንደሚባል እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም። ወደ ቤት ይዘናት ተመለስን፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቀን፣ እኔ ሌሊት እየተፈራረቅን እናስታምማታለን።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሆስፒታልም ከኢንሹራንስም ነጻ ሆነው በግል የሚሠሩ፣ እዚህ ፔሸንት አድቮኬት የሚባሉ ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ። አንዷን በስልክ አነጋገርኳት፤ በሰዓት 150 ዶላር ነው ዋጋዋ። ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሌላም የሚከብደኝ ነገር አለ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የኩላሊት ሐኪሟ ወደፊት እጥበት ሊያስፈልጋት እንደሚችል በነገረን ቀን እኔ ለእናቴ የተረጎምኩላት «ጨው ቀንሺ፣ ክትትሉን አታቋርጪ ብሏል» ብዬ ነው። አፌ እጥበት የሚለውን ቃል ሊያወጣው አልቻለም። ይኸው ስድስት ወር ሆነ።

አስታማሚ (ሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በሆስፒታል ነርስነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ከጥያቄሽ በፊት ሁለት ነገር ላቃናልሽ እፈልጋለሁ።

የፈረምሽበት ወረቀት እናትሽን ምንም አላሳጣትም። ሜዲኬር ያለውን ሰው ከ24 ሰዓት በላይ ለክትትል የሚያቆይ ሆስፒታል ሁሉ ይህንን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ የመስጠት፣ በቃልም የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ፊርማው የሚያረጋግጠው ማስታወቂያው መድረሱንና መረዳትሽን ብቻ ነው። የጎዳችሁ ፊርማሽ ሳይሆን የአቀባበሏ ዓይነት ነው። በመደበኛው ሜዲኬር የማገገሚያ ተቋም ወጪ የሚሸፈነው ታካሚው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን ተኝቶ ታካሚ ሆኖ ከተመዘገበ ነው፤ ለክትትል የቆየበት ጊዜ፣ ሳምንትም ቢሆን፣ አይቆጠርለትም። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ መጀመሪያ ተኝቶ ታካሚ ተብሎ ተመዝግቦ ኋላ ሆስፒታሉ ወደ ክትትል የቀየረው ሰው ይግባኝ የሚልበት መንገድ ተከፍቷል። የእናትሽ ጉዳይ እንዲያ መሆኑ የሚታወቀው ከመዝገቡ ስለሆነ መዝገቡን ጠይቂ። በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው ሕግ ታካሚው መዝገቡን በጠየቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ አስተርጓሚነትሽ ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረት ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ ሊልሽም አይችልም። አማርኛ በስልክም በቪዲዮም ይገኛል። በዋሽንግተን ዲሲማ በ2004 የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ስላለ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ማገልገል ለምደውታል። ቀጠሮ ስታስይዢ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብለሽ አስመዝግቢ።

ስለ እጥበቱ የጻፍሽውን ሳነብ አዘንኩ፤ አልፈረድኩብሽም። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። በእኛ ባህል ክፉ ወሬ ለታማሚ በልኩና በጊዜው፣ ሰው ተመርጦ ይነገራል፤ ለዚህም የራሱ ምክንያት አለው። ልጅ በሐኪምና በእናቷ መካከል ቆማ ቃሉን እዚያው በዚያው እንድትተረጉም ሲደረግ ግን መርዶ ነጋሪም፣ አስታማሚም፣ ልጅም በአንድ ጊዜ ሁኚ መባሏ ነው። ይህንን ሸክም አንቺ ብቻሽን እንድትሸከሚው መደረጉ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ተሟጋች የሚባሉት ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። በሆስፒታሉ ውስጥ ቢሮ ያላቸው የሆስፒታሉ ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ቢሆኑም ደመወዛቸውን የሚከፍለው ቅሬታ የሚቀርብበት ተቋም ነው። በኢንሹራንሱ በኩል የታካሚውን ጉዳይ የሚከታተለው ደግሞ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ነው። በግል የሚሠራው ግን በታካሚው የሚቀጠርና ከታካሚው በቀር ለማንም የማይታዘዝ ሰው ነው። አገር ቤት ጉዳይ አስፈጻሚ እንደምንለው ነው ብዬ ባቀልልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የሰነድ ሩጫውን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም ማንበብ የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። የሕግ ጠበቃ አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም፣ አይቀይርም። ለዚህ ሥራ የተለየ የክልል ፈቃድ ስለሌለ ማንም ተነሥቶ ተሟጋች ነኝ ሊል ይችላል። ከ2018 ጀምሮ ግን በፈተና የሚገኝ የሙያ ማረጋገጫ አለ፤ ያነጋገርሻት ሴት እሱ እንዳላትና ቀድሞ ምን ትሠራ እንደነበር ጠይቂያት። ሜዲኬርም ሆነ ኢንሹራንስ በተለምዶ ክፍያዋን አይሸፍኑም።

ባለ ታክሲው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ ተጎድቻለሁና ሌላ ሰው እንዳይጎዳ እጽፋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ኢንሹራንስ ሳይኖረኝ ትርፍ አንጀት ታምሜ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ድነሃል ተብዬ ወጣሁ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ የ41,000 ዶላር ቢል በፖስታ መጣ። ቢሉ አንድ ገጽ ነው፤ ምን እንደተሠራ አይዘረዝርም፣ ድምሩን ብቻ ይናገራል። ደንግጬ በኢንተርኔት ተሟጋች ነኝ የሚል ሰው አገኘሁና ተዋዋልኩ። ከቢሉ ላይ ካስቀነሰልኝ ገንዘብ 25 በመቶውን ሊወስድ ተስማማን፤ በሰዓት ስለማይከፈል በጊዜው ዋጋው የቀለለ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ያደረገው ነገር ቢኖር የሆስፒታሉን የእርዳታ ማመልከቻ፣ ቻሪቲ ኬር የሚባለውን፣ ሞልቶ ከግብር ወረቀቴ ጋር መላክ ነው። ገቢዬ ዝቅተኛ ስለነበረ ሆስፒታሉ ቢሉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። እኔም እልል ብዬ ሳልጨርስ የ10,250 ዶላር ደረሰኝ ከሰውየው መጣልኝ፤ 25 በመቶ ማለት ያ ነው። ፈርሜ ነበርና ብዙ ተለማምጬ በ3,000 ዶላር ተገላገልኩ። ቅጹ አራት ገጽ ነበር። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ እሷ ልትሞላው ትችል ነበር።

ኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች በፌደራሉ የግብር ሕግ መሠረት የእርዳታ ደንብ በጽሑፍ አዘጋጅተው እንዲያስታውቁ ይገደዳሉ፤ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ 240 ቀን ማመልከት ትችላላችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናትም እንደ ክስ ያለ ከባድ የዕዳ ማስከፈያ እርምጃ እንዲወስዱባችሁ አይፈቀድም። በሜሪላንድ ደግሞ የቤተሰብ ገቢው ከፌደራሉ የድህነት ወለል እጥፍ ያልበለጠ ሰው አስፈላጊ የሆስፒታል ሕክምና በነጻ የማግኘት መብት አለው። ቢል ሲመጣ የመጀመሪያው ነገር መክፈልም መደበቅም አይደለም፤ ደውሎ እያንዳንዱ ነገር ተዘርዝሮ የተጻፈበትን ቢልና የእርዳታ ማመልከቻውን መጠየቅ ነው።

ስለዚህ እህታችን፣ ከመቅጠርሽ በፊት በነጻ የሚገኘውን ጨርሺ። ስለ ሜዲኬር ሺፕ የሚባሉት አማካሪዎች በየክልሉ አሉ፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። ከባድና ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው ፔሸንት አድቮኬት ፋውንዴሽን በነጻ ጉዳይ ይከታተላል።

እመት ዳላስ

ወንድማችን የደረሰበት በደል እውነት ነው፤ በመቶኛ የሚዋዋል ሰው ከቀላል ቅጽ ብዙ ገንዘብ እንደሚያገኝ በደንብ አሳይቶናል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ሙያው ሁሉ አይጠቅምም ወደሚል እንዳንሄድ የእኔን ልጨምር።

ባለቤቴ ካንሰር ታክሞ በክትትል ላይ ሳለ ሐኪሙ ያዘዘለትን ምርመራ ኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ ከለከለ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስልክ ስደውል ከረምኩ። ሆስፒታሉ ወደ ኢንሹራንሱ፣ ኢንሹራንሱ ወደ ሆስፒታሉ ይልከኝ ነበር፤ ሙዚቃውን እየሰማሁ ወጥ ሠርቼ እጨርሳለሁ። በመጨረሻ በልጄ ግፊት በሰዓት የምታስከፍል ተሟጋች ቀጠርን። ቀድሞ በኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የሠራች ነርስ ነበረች። የክልከላውን ደብዳቤ አንብባ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጣቷን አስቀመጠች፤ የተከለከለው ምርመራው አያስፈልግም ተብሎ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት የተደረገው ምርመራ ውጤት ከማመልከቻው ጋር ስላልተያያዘ ነው። ያንን ደብዳቤ እኔ ቢያንስ ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም። ውጤቱን አስላከች፤ ሐኪሙ ራሱ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር ቀጠሮ አስያዘች፤ በዚያውም የጽሑፍ ይግባኙን አዘጋጀች። በስድስተኛው ቀን ተፈቀደ። ያስከፈለችን የአራት ሰዓት ዋጋ ነው።

ከእሷ የያዝኩትን ላካፍላችሁ። በሥራ በኩል ወይም በኦባማኬር የተገኘ ኢንሹራንስ ክፍያ ሲከለክል ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ መሰጠት አለበት። ይግባኙም ካልተሳካ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ ባለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲታይላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ የገምጋሚው ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል። ብዙ የእኛ ሰው «ከለከሉኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ክልከላው የመጨረሻ ቃል ስለሚመስለው ነው።

ለእህቴ የምመክራት፣ ከመዋዋልሽ በፊት ከእናትሽ ከምታገኘው ክፍያ ሌላ ከማን ገንዘብ እንደምትቀበል ጠይቂያት። አረጋውያንን ወደ ማቆያ ቤት ወይም ወደ ቤት ለቤት አስታማሚ ድርጅት እየመሩ ኮሚሽን ከዚያ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ በነጻ እንሠራለን ቢሉም ነጻ አይደሉም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ምን ምን እንደምትሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ ሳትጠይቅሽ እንደማትቀጥል ይጻፍ። እናም የሴትዮዋን ጠባይ እይ፤ በስልክ ስታነጋግሪያት «ይህንን ራስሽ ልታደርጊው ትችያለሽ» ካለችሽ እሷን ቅጠሪያት።

ናታንያ

ከእስራኤል ነኝ፤ የእኛ ነገር ይለያል፤ በአጭሩ ልጨምር። እዚህ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሜጋሼር የሚባሉ፣ ቋንቋውንም ባህሉንም የሚያገናኙ ሰዎች በክሊኒኮች ተቀጥረው ይሠራሉ። በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግም ታካሚው ሲታከም የመረጠው ሰው አብሮት እንዲሆን ይፈቅዳል። አያቴ ሐኪም ዘንድ ስትገባ ሜጋሼሯ ከቃሉ ይልቅ ዝምታዋን ትተረጉምላት ነበር፤ አያቴ አንገቷን ስትነቀንቅ ሐኪሙ «ተስማምታለች» ብሎ እንዳይጽፍ፣ አክብሮት መስጠቷ ብቻ እንደሆነ ትነግረው ነበር። የምትቀጥሯት ሴት ፈረንጅ ከሆነች ይህንን አስቀድማችሁ ንገሯት።

የእማዬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት። ነርሷ እህቴ ስለ ፊርማው የጻፍሽልኝን ሳነብ አለቀስኩ። መዝገቡን ጠይቄያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፤ ሴትዮዋ ከሐኪሞቹ ጋር እንድትነጋገር ውክልና መስጠት ያስፈልጋል? እናቴ ደግሞ ነገሩን ገና ሳነሣባት «ገመናዬን ለማላውቃት ሴት ልዘርግፍ?» ብላ ተቆጥታለች።

አስታማሚ (ሚኒያፖሊስ)

ውክልናና ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ሐኪሞቹ መረጃ እንዲሰጧት የሚያስፈልገው በሂፓ ሕግ መሠረት የሚሞላ የፈቃድ ቅጽ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ምን መረጃ፣ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ይጻፍበታል፤ እናትሽ በፈለገች ቀን ትሰርዘዋለች። የጤና ውክልና ግን እናትሽ ራሷ መወሰን ባቃታት ጊዜ ማን እንደሚወስንላት የሚናገር ሰነድ ነው፤ እሱን ለቤተሰብ እንጂ ለተቀጣሪ አትስጡ።

ቅጹን የምትፈርመው እናትሽ ናት። አእምሮዋ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አንቺ ልትቀጥሪላት አትችይም፤ የምትከፍይው አንቺ ብትሆኚም ቀጣሪዋ እሷ ናት። ስለዚህ «ሰው አመጣሁልሽ» አትበያት፤ «እናነጋግራትና አንቺ ወስኚ» በያት። ቁጣዋም ይገባኛል። ነገር ግን ገመናዋ አሁንም ለሦስት ሐኪም፣ ለሆስፒታሉና ለኢንሹራንሱ የተዘረገፈ ነው፤ ሳያውቁት የቀሩት እሷና አንቺ ብቻ ናችሁ።

የእድሩ ጸሐፊ (ሲያትል)

አንድ ሐሳብ ብቻ። እድራችን ለቀብር እንጂ ለሕመም አይደርስም። አንድ ተሟጋች በጋራ ቀጥረን አባላት በየተራ ቢጠቀሙባት ለእያንዳንዱ ሰው ክፍያው ይቀላል ብዬ አስባለሁ።

እመት ዳላስ

ሐሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን የማን ሕመም ምን እንደሆነ በእድሩ ሒሳብ መዝገብ ላይ እንዳይታይ አድርጋችሁ ካልሠራችሁት ሰው አይጠቀምበትም። ገንዘቡን እድሩ ይክፈል፤ ስሙንና ሕመሙን ግን ተሟጋቿ ብቻ ትወቅ።

የእማዬ ልጅ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ልነግራችሁ ይገባል።

ሴትዮዋን ቀጠርናት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የሙያ ማረጋገጫውም አላት። ቤታችን ስትመጣ እኔ እንዳስተረጉም አልፈቀደችም፤ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አቀረበች፤ የእሱን 60 ዶላር በሒሳቡ ላይ እንደምትጨምር አስቀድማ ነገረችን። ከዚያም በሽታዋን ሳይሆን «ከሁሉ በላይ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እኔ ኩላሊቴ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እግሬ ነው፤ ጫማዬ አልገባ ብሎኛል፤ ቤተ ክርስቲያን በስሊፐር አልሄድም» አለች። እግሯ ማበጡን አውቅ ነበር፤ የልብ ሐኪሟም ለእሱ ብሎ የሚያሸና መድኃኒት ከጨመረላት አራት ወር ሆኗል።

ሴትዮዋ መድኃኒቶቹን በሙሉ አምጡ አለች። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። አንዱን ብልቃጥ ካንዱ እየለየች ስትደረድር ቆይታ «በቦርሳ ወይም በጓዳ ያስቀመጡት ሌላ የለም?» ስትል እናቴ ዝም ብላ ተነሥታ ሄደችና ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ከውስጡ በላስቲክ የታሰሩ ስትሪፖች አወጣች፤ አክስቴ ከአዲስ አበባ በሰው የላከችላት የግፊት መድኃኒት ነው፤ ኖርቫስክ ይላል። «የአገር ቤቱ ይስማማኛል» ብላ ማታ ማታ ትወስደው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ጧት ጧት የምሰጣት የአሜሪካኑ ብልቃጥ ደግሞ አምሎዲፒን ይላል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ አንደኛው የንግድ ስሙ ነው። እናቴ በየቀኑ እጥፍ ስትወስድ ኖራለች፤ ያ መድኃኒት ሲበዛ ደግሞ እግር ያሳብጣል። እብጠቱን ያየው ሐኪም የሚያሸናውን ጨመረ፤ ሌሊት ለሽንት የሚያስነሣትና ግፊቷን አውርዶ የሚያዞራት ነገር እንዲህ እየተደራረበ መጣ። እኔ በየቀጠሮው ሐኪሞቹ ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ሲሉ፣ እናቴን ሳልጠይቅ «የለም» እያልኩ በራሴ መልስ ስሰጥ ነበር።

ሴትዮዋ አንዱንም መድኃኒት ራሷ አላስቆመችም፤ ያየችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ለሦስቱም ሐኪሞች ላከች። በማግስቱ የቤተሰብ ሐኪሟ ደውሎ የአገር ቤቱን አስቆመ፤ ከሳምንት በኋላም ከልብ ሐኪሟ ጋር ተነጋግረው የሚያሸናውን ቀነሱት። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጎደለ።

ስለ ሆስፒታሉ ደግሞ መዝገቡን ካየች በኋላ እናቴ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ለክትትል ብቻ የተመዘገበች ስለሆነች በአዲሱ ይግባኝ እንደማንጠቀም፣ በዚያ ላይ ሰዓት ማባከን እንደሌለብን በግልጽ ነገረችን። በምትኩ የማናውቀውን ነገር አሳየችን፤ ከቤት መውጣት ለከበደው ሰው ሐኪም ካዘዘ ሜዲኬር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤት ድረስ ይልካል፤ ለዚህ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልግም፤ ታካሚውም አይከፍልም። ባለሙያው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እናቴን ደረጃ አስወጥቷታል። በጠቅላላ አምስት ሰዓት ሠራችልን፤ ከአስተርጓሚው ጋር 810 ዶላር ከፍለን ጨረስን። ለሁለት ወር ገንዘብ ጠብቆብናል፤ ግን አልጸጸትበትም። በሰዓት እየከፈልኩ ከማሠራት ይልቅ ቢሉንና የእርዳታ ቅጹን ራሴ እንድይዝ ነግራኛለችና ባለ ታክሲው ወንድሜ እንዳልከው እሱን እኔው ሞልቼ ልኬያለሁ።

የመጨረሻው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከኩላሊት ሐኪሟ ጋር ቀጠሮ ነበረን፤ አስተርጓሚው በቪዲዮ ቀረበ። እኔ እናቴ ጎን ተቀምጬ እጇን ያዝኩ፤ ምንም የምናገረው ስላልነበረ እጇን መያዝ ቻልኩ። ሐኪሙ የኩላሊቷን ቁጥር ነገራት፤ ወደፊት እጥበት ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ ዛሬ እንዳልሆነ፣ ምናልባትም ላያስፈልግ እንደሚችል ነገራት። አስተርጓሚው ቃሉን አንድ በአንድ አደረሰው። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ወለሉን ስታይ ቆየችና እጥበቱ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀች። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን ነው አላት፤ ወይ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ወይ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ።

«እሑድ የለበትማ?» አለች።

«እሑድ የለበትም» አላት። እናቴም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ጫማዋን አሳየችኝ።